የዳህላክ ጠላቂዎች
ከባሕር በታች የተገኘ ዕውቀት ታሪክ

ሰው የሚኖርበትን ምድር ለማወቅ ተራራ ወጥቷል፤ በረሓ አቋርጧል፤ ከዚያም አልፎ ከዋክብትን ቈጥሯል። በደጁ ያለውን ውሃ ግን ለብዙ ሺህ ዓመት የሚያውቀው ከላይ በሚታየው ፊቱ ብቻ ነበር። መርከበኛው በባሕር ላይ ሄደ፤ ነጋዴው ከወደብ ወደ ወደብ ተመላለሰ፤ ጸሓፊውም የእነርሱን ጕዞ ጻፈ። ስለዚህ የባሕር ታሪክ ተብሎ ከተጻፈው የሚበዛው በእውነቱ የባሕር ፊት ታሪክ ነው። ከባሕር በታች ያለውን ታሪክ የሠሩት ወርደው ያዩት ጠላቂዎች ናቸው፤ የእነርሱም ነገር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ብዙ ሳይጻፍ ቈይቷል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የጠላቂዎችን ታሪክ በአንድ ስፍራ ወስኖ ማሳየት ነው፤ ስፍራውም ምጽዋና በፊቷ የተበተኑት የዳህላክ ደሴቶች ናቸው። ይህን ስፍራ የመረጥንበት ምክንያት አራት ዓይነት የጥልቀት ሥራ በዚህ አንድ ባሕር ውስጥ በየተራ ስለ ተፈጸመበት ነው። በመጀመሪያ ዕንቁ ፈላጊው በትንፋሹ ብቻ ወረደ፤ በሁለተኛ የሰመጠ መርከብ የሚያወጣው ሠራተኛ የመዳብ ቁር ደፍቶ ወረደ፤ በሦስተኛ ነጻው ዋናተኛ አየሩን በጀርባው አዝሎ ወረደ፤ በአራተኛ የታሪክ ተመራማሪው መለኪያና እርሳስ ይዞ ወረደ። ምጽዋና ዳህላክ በ1993 ነጻ መንግሥት በሆነችው በኤርትራ ግዛት ውስጥ ይገኛሉ፤ የጥንቱ ታሪካቸው ግን ከአክሱም ታሪክ ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ ለእኛም የቅርብ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፥ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በትንፋሽ የወረዱት

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስሙ ያልታወቀ አንድ ነጋዴ በግሪክ ቋንቋ ስለ ኤርትራ ባሕር ጕዞ በጻፈው መጽሐፍ አዱሊስን ያነሣል። በወደቧ ፊት ለፊት አላላዩ የሚባሉ ደሴቶች እንዳሉ፥ «ዓሣ በሎች» የሚላቸው ሰዎችም ከዚያ የባሕር ዔሊ ድንጋይ ወደ አዱሊስ ገበያ እንደሚያመጡ ይናገራል። ሊቃውንት እነዚህ ደሴቶች ዳህላክ እንደ ሆኑ ይስማማሉ። እንግዲህ ስለዚህ ባሕር ከተጻፉት እጅግ ጥንታውያን ቃሎች አንዱ ከውሃ ሀብት የሚያወጡትን የአገሩን ሰዎች የሚያነሣ ነው። ነጋዴው ዕቃውንና ገበያውን መዘገበ፤ የሰዎቹን ስምና የሥራቸውን ብልሃት ግን አልነገረንም። ይህ ጕድለት እስከ ዘመናችን ድረስ ከጠላቂዎች ታሪክ አልተለየም።

ከዔሊው ድንጋይ ይልቅ የዳህላክን ስም በሩቅ አገር ያሰማው ዕንቁ ነው። ዕንቁ ፈላጊው ሥራውን የሚሠራው እንዲህ ነበር። በትንሽ ታንኳ ሆኖ፥ ከታች መስተዋት የተገጠመበትን ጣሳ በውሃው ፊት ላይ ይደግፍና የባሕሩን ወለል ይመረምራል። የዕንቁውን ዛጎል ሲያይ ትንፋሹን ሰብስቦ ይወርዳል፤ ዛጎሉን ከድንጋዩ አላቅቆ ይመለሳል፤ ጥቂት አርፎ እንደ ገና ይወርዳል። ሥራው እንዲህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በባሕር ጠረፍ በሰውነታችን ላይ ያለውን የአየር ግፊት አንድ ብንለው፥ በ10 ሜትር ጥልቀት ሁለት ይሆናል፤ በ20 ሜትር ሦስት፥ በ30 ሜትር አራት ይሆናል። ስለዚህ ጠላቂው በሳንባው ሞልቶ የወሰደው አየር በ10 ሜትር ወደ እኩሌታው፥ በ30 ሜትር ወደ ሩቡ ይጨመቃል። ጆሮው ይታመማል፤ ደረቱ ይጨነቃል፤ በዓይኑም ፊት ያለው ነገር ይደበዝዛል። በዚህ ሁሉ መካከል እጁ መሥራት፥ ልቡም የቀረውን ትንፋሽ መቍጠር አለበት። አንድ ጊዜ ቍጥሩን ቢስት የሚያርመው የለም።

የሥራው ፍሬ የእርሱ ቢሆን ድካሙ በመጠኑ ይቀል ነበር። ነገር ግን በቀይ ባሕር የዕንቁ ንግድ ውስጥ ጠላቂው አብዛኛውን ጊዜ ባለ ዕዳ ነበር። የጀልባው አለቃ፥ በባሕረኞች ቋንቋ ናኮዳ የሚባለው፥ ለስንቅና ለቤተ ሰብ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ያበድረዋል፤ ናኮዳውም በፈንታው ከነጋዴ ይበደራል። ወቅቱ ሲፈጸም የተገኘው ዕንቁ ዕዳውን ካልሸፈነ ጠላቂው ለሚመጣው ዓመት ታስሮ ይቀራል። ከጠላቂዎቹም መካከል በባርነት የሚሠሩ ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዕንቁና የዛጎል ፍላጎት በአውሮፓ በበረታ ጊዜ፥ ዛጎሉም ለልብስ ቍልፍ ሥራ በተፈለገ ጊዜ፥ የምጽዋ ነጋዴዎች ከበሩ። ኋላ ግን ጃፓኖች በእርባታ የሚያገኙት ዕንቁ ገበያውን ሞላው፤ በ1929 የጀመረውም የዓለም የገንዘብ ችግር ሲጨመርበት ንግዱ ወደቀ።

ዕንቁው በነገሥታትና በባለጠጎች አንገት ላይ ቀረ፤ ካወጡት ጠላቂዎች መካከል ግን ስሙ የተጻፈለት እጅግ ጥቂት ነው። ከዕንቁው ይልቅ የሚበልጠው ሀብታቸው ደግሞ ዕውቀታቸው ነበር። ወለሉ የት አሸዋ፥ የት ድንጋይ እንደ ሆነ፤ ሞገዱ በየትኛው ወራት እንደሚጠራ፤ መልሕቅ የት እንደሚይዝ ያውቁ ነበር። ይህ ሁሉ የተቀመጠው በቃልና በልማድ ነው፤ በመጽሐፍ የገባው ከብዙው ጥቂቱ ነው።

የመዳብ ቁር የደፉት

በአውሮፓ በ19ኛው መቶ ዓመት አዲስ ብልሃት ተገኘ። በ1837 አውጉስቱስ ዚበ የተባለ በእንግሊዝ አገር የሚኖር ጀርመናዊ የመዳብ ቁር ከውሃ በማያስገባ ልብስ ጋር ገጥሞ ሠራ፤ አየሩንም ከላይ ሆነው በፓምፕ በቧንቧ ይልኩለት ጀመር። አሁን ጠላቂው ትንፋሹን መቍጠር አላስፈለገውም፤ በወለሉ ላይ ቆሞ ለብዙ ጊዜ ሊሠራ ቻለ። ነገር ግን አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንዳሉት፥ ቀድሞ ያልታየ አዲስ በሽታ መጣ። ከጥልቅ ሥራ በደኅና የወጣው ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ መገጣጠሚያውን ይታመማል፤ አንዳንዱ ሽባ ይሆናል፤ አንዳንዱም ይሞታል።

ምክንያቱን በ1878 ፖል ቤር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ገለጸው። በግፊት ውስጥ የሚተነፈሰው አየር፥ ይልቁንም ናይትሮጅን የሚባለው ክፍሉ፥ በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል፤ ሰውዬው በፍጥነት ሲወጣ እንደ ተከፈተ የጠርሙስ አምቦ ውሃ አረፋ ሆኖ ይገነፍላል። በ1908 ደግሞ ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለው የስኮትላንድ ሰው ጠላቂው እየቆመ በደረጃ እንዲወጣ የሚያደርግ የሰዓት ሠንጠረዥ አወጣ። በእነዚህ በሁለቱ ዘመናት መካከል የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል። በ1900 የግሪክ ሰፍነግ አውጪዎች በአንቲኪቴራ ደሴት አጠገብ የጥንት መርከብ አግኝተው ሐውልቶቹን ሲያወጡ አንዱ ሞተ፤ ሁለቱ ሽባ ሆኑ። ዛሬ በአቴና ቤተ መዘክር የሚደነቁት እነዚያ ሐውልቶች የተገዙት በዚህ ዋጋ ነው።

ይህ የመዳብ ቁር ጥበብ ወደ ምጽዋ በብዛት የመጣው በጦርነት ምክንያት ነው። በ1941 የእንግሊዝና የተባባሪዎቹ ጦር ከረንን አልፎ ወደ ባሕሩ በቀረበ ጊዜ፥ ኢጣልያኖች ወደቡ ለጠላት እንዳይጠቅም መርከቦቻቸውን በገዛ እጃቸው አሰመጡ፤ በምጽዋ መግቢያዎችና በዳህላክ አካባቢ ብዙ መርከብ ወደ ታች ወረደ። ተንሳፋፊውም የመርከብ መጠገኛ አብሮ ሰመጠ። ምጽዋ የተያዘችው መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓመተ ምሕረት፥ ይኸውም ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከመግባታቸው 27 ቀን አስቀድሞ ነበር።

በ1942 የጀርመን ጦር በግብፅ ምድር ወደ እስክንድርያ ሲገሠግሥ፥ እንግሊዞች የተጐዱ መርከቦቻቸውን የሚጠግኑበት ሌላ ስፍራ አስፈለጋቸው። በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኰንን ወደ ምጽዋ መጣ። ያገኘው ጥቂት ጠላቂ፥ ጥቂት መሣሪያ፥ ብርቱ ሐሩርና ብዙዎች ተስፋ የቈረጡበት የብረት ክምር ነበር። ከእርሱ ጋር የአገሩ ተወላጆች፥ የኢጣልያ ምርኮኞችና ከሌላ አገር የመጡ ሠራተኞች ተባብረው ደከሙ። የመርከቡን ክፍል በላይ በኩል ደፍነው የታመቀ አየር ሲነፉበት አየሩ ውሃውን በታች በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ብረቱም እየቀለለ ይነሣል። አሳቡ እንዲህ ቀላል ነው፤ ሥራው ግን በጨለማና በጭቃ ውስጥ በዳሰሳ የሚሠራ፥ በአንዳንዱም መርከብ ሆድ ውስጥ ያልፈነዳ ፈንጂ የሚጠብቅበት ነበር። ትልቁ መጠገኛ ተነሣ፤ ከመርከቦቹም የተወሰኑት ተነሡ፤ በዚያውም ዓመት ዲዶ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በምጽዋ ተጠገነች። ኤልስበርግ ይህን ሁሉ በ1946 በመጽሐፍ አሳትሞታል። የአለቃው ታሪክ በዚህ መንገድ ተጠበቀ፤ ከጐኑ የደከሙት የአገር ልጆች ግን የራሳቸውን ቃል የሚመዘግብላቸው ሰው አላገኙም።

አየሩን ያዘሉት

በ1943 ጦርነቱ ገና ሳያበቃ ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን አኳላንግ የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። የታመቀው አየር በብረት በርሜል ሆኖ በጀርባ ይታዘላል፤ አንድ ትንሽ ክዳን ጠላቂው በሚገኝበት ጥልቀት ግፊት ልክ አየሩን መጥኖ በአፉ ይሰጠዋል። ቧንቧና ገመድ ቀረ። ሰው በውሃ ውስጥ ወደ ወደደው አቅጣጫ የሚሄድ ሆነ።

የቀይ ባሕር ወለል ለዓለም የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ከቪየና የመጣው ሐንስ ሐስ በ1949 በፖርት ሱዳን አጠገብ ጠለቀ፤ ኋላም ተመልሶ ያነሣው ፊልም በ1951 በቬኒስ ሽልማት አገኘ። እርሱ የተጠቀመበት መሣሪያ የተተነፈሰውን አየር እያጠራ የሚመልስ የኦክሲጅን ዕቃ ነበር፤ ንጹሕ ኦክሲጅንም ከጥቂት ሜትር በታች መርዝ ስለሚሆን አደጋው ብዙ ነበር። በዚያው በፖርት ሱዳን ደጅ ኢጣልያ ጦርነት ባወጀችበት ቀን፥ ሰኔ 10 ቀን 1940፥ በገዛ ሠራተኞቿ የሰመጠችው ኡምብሪያ ከነቦምቦቿ ተኝታ ነበር፤ ሐስም እርስዋን ከመረመሩት ሰዎች ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው።

ወደ ዳህላክ ራሱ የመጡት ደግሞ ኢጣልያኖች ናቸው። ብሩኖ ቫይላቲ የመራው ቡድን ከ1952 እስከ 1953 ፎርሚካ በምትባል መርከብ ደሴቶቹን እየዞረ ዓሦችንና ኮራል የሚባለውን የባሕር ድንጋይ አጠና፤ በቡድኑ ውስጥ የነበረው ወጣቱ ፎልኮ ኩዊሊቺም «ስድስተኛው ክፍለ ዓለም» የሚል ትርጕም ያለውን ፊልም በ1954 አወጣ። ስሙ የሚናገረው አሳብ ግልጽ ነው፤ ይኸውም ከባሕር በታች ያለው አገር ገና ያልተገኘ ክፍለ ዓለም ነው ማለት ነው። ነገር ግን ለዳህላክ ዕንቁ ፈላጊ ያ አገር አዲስ አልነበረም፤ አባቱም አያቱም የሠሩበት እርሻ ነበር። ለተመልካቹ አዲስ የሆነው ነገር ለነዋሪው የኖረ መሆኑን መዘንጋት በብዙ የጕዞ መጻሕፍት የሚገኝ ስሕተት ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ከመደነቅ ወደ መቍጠርና ወደ መለየት አለፈ። በ1962ና በ1965 የእስራኤል ሊቃውንት በዳህላክ ደሴቶች መካከል በእንተደብር ሰፍረው የባሕሩን እንስሳትና ዕፀዋት ሰብስበው አጠኑ። በ1963 ኩስቶ በሱዳን ባሕር በሻዓብ ሩሚ 10 ሜትር ያህል ከውሃ በታች ቤት ሠርቶ ሰዎች አንድ ወር እንዲኖሩበት አደረገ። በትንፋሽ ቍጥር የተጀመረው ሥራ በመኖሪያ ቤት እስኪፈጸም ድረስ ባሕሩ ያው አንድ ባሕር ነው።

የጋኑ ምስክርነት

በ1990ዎቹ ዓመታት አራተኛው ዓይነት ጠላቂ መጣ። በምጽዋ ደቡብ፥ ከአዱሊስ ብዙ በማይርቅ ባሕር፥ ጥቁር አሳርካ በምትባል ትንሽ ደሴት አጠገብ የሰመጠች የጥንት መርከብ ጭነት ተገኘ፤ በ1997ም ራልፍ ፔደርሰን በተባለ ተመራማሪ መሪነት ተቈፈረ። መርከቢቱ ራስዋ ጠፍታ የቀረው በብዛት የሸክላ ጋን ነበር፤ ጋኑም ወደ ታች እየሾለ የሚሄድ፥ ገላው የተሸነሸነ፥ በሊቃውንት ዘንድ የአይላና የአክሱም ጋን ተብሎ የሚጠራ ዓይነት ነው።

አንባቢ ይህን ስም ልብ ሊለው ይገባል። አይላ ዛሬ ዓቀባ የምትባለው፥ በቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ ያለች ወደብ ናት። የዚያ ዓይነት ጋን በአዱሊስም በአክሱምም ፍርስራሽ ውስጥ ተገኝቷል፤ ዘመኑም ከ5ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት የሚያደርስ ነው። ንጉሠ አክሱም ካሌብ በ525 ገደማ ወደ የመን በዘመተ ጊዜ ጦሩን ካሻገሩት መርከቦች መካከል ከአይላ የመጡ እንደ ነበሩ የናግራን ሰማዕታት ታሪክ ይናገራል። መጽሐፉ የጦርነቱን መርከብ ሲያነሣ፥ ጋኑ በሌላው ቀን የሚመላለሰውን የንግድ መርከብ ይመሰክራል። በየብስ የተገኘው ስባሪ ዕቃው መድረሱን ይነግረናል፤ በባሕር ወለል የተገኘው ግን ሳይደርስ የቀረውን ጕዞ ያሳያል። አንዱ ብቻውን ግማሽ ታሪክ ነው።

ይህን ዓይነቱን ምስክር ማግኘት የሚቻለው ስፍራው ሳይነካ ከቈየ ብቻ ነው። ጋኑን ለጌጥ ብሎ የሚያነሣ ሰው አንድ ዕቃ ያገኛል፤ ነገር ግን ዕቃው ከየትኛው ጋር እንደ ነበረ፥ በምን አኳኋን እንደ ተኛ የሚናገረውን ነገር ለዘላለም ያጠፋል። ስለዚህ ተመራማሪው ከመንካቱ በፊት ይለካል፤ ከመለካቱም በፊት ይሥላል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት

የአራቱን ጠላቂዎች ታሪክ ስንመለከት መሣሪያው እየተሻሻለ መሄዱ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ የት መጥለቅ እንደሚገባ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ የአገሩ ሰው ነው። ለዚህ ታላቁ ማስረጃ በቱርክ አገር የተደረገው ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ፒተር ትሮክሞርተን የተባለ አሜሪካዊ ከቦድሩም ሰፍነግ አውጪዎች ጋር ተቀምጦ የሚያውቁትን ጠየቃቸው፤ የነገሩትንም ጻፈ። እነርሱ በጠቈሙት ስፍራ፥ በጌሊዶንያ ርእሰ ምድር አጠገብ፥ ጆርጅ ባስ በ1960 ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ የሰመጠች መርከብ ቈፈረ፤ የጥልቀት የታሪክ ምርምር እንደ አንድ ትምህርት የቆመውም በዚያ ሥራ ነው ይባላል። በ1982 ደግሞ በዚያው አገር በኡሉቡሩን ከእርስዋ የምትቀድም መርከብ የተገኘችው አንድ ሰፍነግ አውጪ ያየውን በመናገሩ ነው። በሁለቱም ጊዜ የሊቁ ሥራ የጀመረው የጠላቂውን ቃል በማድመጥ ነው።

ይህ ነገር ከባሕር ለራቅነው ለእኛም ይሠራል። አገራችን ዛሬ ጠረፍ የላትም፤ ነገር ግን ጣና፥ ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ ሻላና የቢሾፍቱ ሐይቆች አሉን። ሻላ 266 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ጣና በስፋቱ ሁሉን ሲበልጥ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። በጣና በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው፥ በዝዋይ ደሴቶች የሚኖረው የዛይ ተወላጅ፥ ስለ ውሃው ወለል፥ ስለ ዓሣው ስፍራና ስለ ማዕበሉ ወራት በአባት ቃል የተቀበለው ዕውቀት አለው። ያ ዕውቀት ሳይጻፍ ባለቤቱ ካለፈ፥ የዳህላክ ዕንቁ ፈላጊዎች ዕውቀት የደረሰበት ዕጣ ይደርስበታል።

በእነዚህ ሐይቆች መጥለቅ የሚሻ ወጣት ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። በጥንት የወጡት የጠላቂ ሠንጠረዦች ለባሕር ጠረፍ የተሰሉ ናቸው። ጣና በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ በላዩ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠረፉን አራት አምስተኛ ያህላል። በባሕር ከ10 ሜትር የሚወጣ ሰው ግፊቱ ከሁለት ወደ አንድ ይወርድለታል፤ በጣና ከዚያው ጥልቀት የሚወጣ ግን ከሁለት ከሩብ ወደ አንድ ያህል ይወርድበታል። ስለዚህ የሐይቁ 10 ሜትር ከባሕሩ 10 ሜትር የከበደ ነው። በምጽዋ ጠልቆ በዚያው ቀን 2,300 ሜትር ወደምትበልጠው ወደ አሥመራ የሚወጣም ሰው እንደዚሁ ነው፤ ከባሕር ከወጣ በኋላ ተራራው ሁለተኛ መውጣት ይሆንበታል። ያለ መምህርና ያለ ትክክለኛ ሠንጠረዥ መውረድ ነፍስን ለውሃ መስጠት ነው።

ከመውረድ በፊት ግን ማንም ያለ አደጋ ሊሠራው የሚችል ሥራ አለ። በሐይቅ ዳር ባለ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ደቀ መዛሙርቱን ወደ ዓሣ አጥማጆች ቢልክ፥ እነርሱም እያንዳንዱ ጥልቅ ስፍራ፥ እያንዳንዱ ድንጋይና ዓሣ በአገሩ ሰው ዘንድ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፥ ማን እንደ ነገራቸውም ከነስሙ ቢጽፉ፥ የሐይቁ የመጀመሪያ ካርታ በእጃቸው ይሆናል። የወረዳው ሹም መዝገቡን በቤተ መጻሕፍት ቢያስቀምጠው ደግሞ፥ ነገ መሣሪያ ይዞ የሚወርደው ተመራማሪ የት መጀመር እንዳለበት ያውቃል፤ የነገረውንም ሰው ስም ከመጽሐፉ ውስጥ ሊያጠፋው አይችልም።